የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ፦ ጥንታዊው የዝንብ መንጠቆ በየሰው እጅ እንዴት ይለወጣል?

ዶሮ ወጥ አንድ ነው፤ እጅ ግን ልዩ ልዩ ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው በየቤቱ ያው ሆኖ ሳለ የአንዷ ባለሙያ ወጥ ከሌላዋ ይለያል። ጤፍ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ደግሞ እንጀራው ራሱ ይለወጣል። ጆሃንስበርግ የምትኖር እናት በጤፉ ላይ ሩዝ ወይም የማሽላ ዱቄት ጨምራ ትጋግራለች። «ይህ እንጀራ አይደለም» ብሎ ከማዕድ የሚነሣ ግን የለም። የለወጠችው ቸግሯት ነው፤ የለወጠችውም አውቃ ነው።

በደቡብ አፍሪካ ወንዞች ዳር ቅዳሜና እሑድ የሚቆሙ አንዳንድ ዓሣ አጥማጆችም ከዚህ የማይርቅ ሙያ አላቸው። በእንግሊዝኛ ፍላይ ፊሺንግ ይሉታል፤ በአማርኛ «በዝንብ ማጥመድ» ብንለው ያስኬዳል። ትል ወይም ሊጥ በመንጠቆ ሰክቶ ከመወርወር የተለየ ነው። እዚህ መንጠቆው ላይ የሚበላ ነገር የለም። ባዶው መንጠቆ በላባ፣ በፀጉርና በክር ተጠምጥሞ ዝንብ፣ ፌንጣ፣ የውሃ ትል ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ይደረጋል። ምንም ይምሰል ምን፣ ስሙ «ዝንብ» ነው። ዝንቧ ክብደት ስለሌላት ብቻዋን አትወረወርም። የሚወረወረው ወፈር ያለው ገመድ ሲሆን እርሷ በቀጭን ናይለን ክር ታስራ ትከተለዋለች።

ለመሆኑ ይህ ነገር በኮዝሞ ሲቲ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ምኑ ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሦስት ክፍል አለው፤ ስለ ሙያው፣ ስለ ዓሣውና ስለ ዕረፍት ቀን።

ወንዙ ሩቅ አይደለም

ኮዝሞ ሲቲ ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከዛንድስፕሩይት አጠገብ የተቆረቆረ ሰፈር ነው። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት በ2005 ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መንግሥት በነፃ የሰጣቸው ቤቶችና በባንክ ብድር የተገዙ ቤቶች ጎረቤት ሆነው ይገኙበታል። በዚህ ሰፈርና በአካባቢው ሎኬሽኖች ሱቅ ከፍቶ ከማለዳ እስከ ምሽት ከፍርግርግ ብረት ጀርባ ለሚቆም ሰው «ዓሣ» ሲባል የሚታወሰው መደርደሪያው ላይ የተደረደረው የቆርቆሮ ፒልቻርድ ነው። ወንዝ የሚባል ነገር ሩቅ ይመስለዋል።

ነገር ግን ጆሃንስበርግ የተሠራችው በውሃ መክፈያ ጉብታ ላይ ነው። ከጉብታው በስተ ደቡብ የዘነበው ዝናብ ወደ ቫል ወንዝ፣ ከዚያም ወደ ኦሬንጅ ወንዝ ገብቶ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይደርሳል። በስተ ሰሜን የዘነበው፣ ማለትም ከኮዝሞ ሲቲ ጣሪያዎች ላይ የሚወርደው፣ ወደ ጁክስኬይ፣ ከዚያ ወደ ክሮኮዳይል ወንዝ፣ ወደ ሃርትቢስፖርት ግድብና ወደ ሊምፖፖ ሄዶ በሕንድ ውቅያኖስ ያበቃል። ሃርትቢስፖርት በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች ነው። በቫል ዳር ያለችው የፓሪስ ከተማ ደግሞ ሁለት ሰዓት አትሞላም። ስለዚህ የኮዝሞ ሲቲ ሰው በሁለት ታላላቅ ወንዞች መካከል ያለ ሰው ነው።

ሙያው ከየት መጣ?

ክላውዲዮስ ኤሊያኖስ የተባለ ሮማዊ ጸሐፊ ከ1800 ዓመታት ገደማ በፊት ስለ መቄዶንያ ዓሣ አጥማጆች ጽፏል። እነዚህ ሰዎች ዓሦቹ ከወንዙ ላይ አንድ ዓይነት ዝንብ እየለቀሙ ሲበሉ አዩ። ዝንቧን ይዘው መንጠቆ ላይ ቢሰኳት መልኳ ይጠፋል። ስለዚህ መንጠቆውን በቀይ የበግ ሱፍ ጠመጠሙት፤ ከአውራ ዶሮ ጉሮሮ ሥር የበቀሉ፣ ሰም የመሰሉ ሁለት ላባዎችም አሰሩበት። ሱፍ፣ የዶሮ ላባና ክር፤ ሙያው እስከ ዛሬ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ አገር ደግሞ በ1496 በታተመ አንድ ጽሑፍ ውስጥ 12 የዝንብ ዓይነቶች ከነአሠራራቸው ተዘርዝረዋል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የመለወጥ ታሪክ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው የአንዲት ዝንብ የትውልድ ሐረግ ነው። ቶም ቦስዎርዝ የተባለ የእንግሊዝ ነገሥታት ሠረገላ ነጂ ነጭ ክንፍና ፒኮክ ከሚባለው ወፍ ላባ የተጠመጠመ ገላ ያላት ዝንብ ሠራ፤ በሥራውም ምክንያት «ኮችማን»፣ ማለትም «ሠረገላ ነጂ» ተባለች። ዝንቧ ዓሣ ትይዛለች፤ ነገር ግን የፒኮኩ ላባ በዓሣው ጥርስ ቶሎ ይበጣጠሳል። በ1878 ጆን ሃይሊ የተባለ የኒው ዮርክ ባለሙያ በገላዋ መካከል ቀይ የሐር መቀነት አስታጠቃት። መቀነቱ የተጨመረው ለውበት ሳይሆን ላባውን ለማጥበቅ ነበር። ስሟም «ሮያል ኮችማን» ሆነ። በ1930 ገደማ ሊ ዎልፍ የተባለው አሜሪካዊ በተራው ሌላ ችግር ገጠመው፤ ውሃው ፈጣንና አረፋማ በሆነበት ወንዝ ላይ የላባው ክንፍ ውሃ ጠጥቶ ይሰጥማል። ላባውን አውጥቶ በአጋዘን ፀጉር ተካው፤ ዝንቧም ተንሳፈፈች። ዛሬ «ሮያል ዎልፍ» ትባላለች።

አያት፣ እናትና ልጅ የሆኑት እነዚህ ሦስት ዝንቦች ከሩቅ ይመሳሰላሉ። ይሁንና እያንዳንዷ ለውጥ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠች መልስ ናት። አንዱ «ለምን ትበጣጠሳለች?» አለ፤ ሌላው «ለምን ትሰጥማለች?» አለ። ምክንያት የሌለው ለውጥ ግን ከጌጥ አያልፍም፤ ዕድሜም የለው።

ለውጡን የተቃወሙም ነበሩ

ወግ ባለበት ሁሉ የወግ ጠባቂ አይጠፋም። ፍሬዴሪክ ሃልፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1880ዎቹ ባሳተማቸው መጻሕፍት ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ዝንብ ብቻ ትክክለኛ ናት የሚለውን ሥርዓት አጸና። ተከታዮቹ ከመምህሩ ብሰው ከዚህ የወጣውን ሁሉ እንደ ነውር ይቆጥሩ ጀመር። ጆርጅ ስኪዩስ የተባለ የሕግ ባለሙያ ግን ዓሣው የሚበላው አብዛኛውን ጊዜ ከውሃው በታች መሆኑን ልብ አለ። ገና ያልፈለፈለውን የውሃ ነፍሳት እጭ የምትመስል፣ ከውሃ በታች የምትዋኝ ዝንብ ሠራ፤ በ1910ም መጽሐፍ አሳተመ። ጠቡ ለአሥርተ ዓመታት ዘልቆ በ1938 ለንደን ውስጥ በአጥማጆች ክበብ የአደባባይ ክርክር ተደረገበት። ዛሬ የስኪዩስን መንገድ ሳይከተል የሚያጠምድ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

መንገዱን ከሁሉ አብልጦ ያቀለለው ፍራንክ ሶየር ነው። በዊልትሻየር የኤቮን ወንዝ ጠባቂ ነበር እንጂ ባለጸጋ አልነበረም። ከሐር ክር ይልቅ እንደ ፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ አነሣና በእርሱ የዱር ዶሮ ዘመድ የሆነውን የፌዛንት ወፍ የጅራት ላባ መንጠቆው ላይ ጠመጠመ። ሽቦው ሁለት ሥራ ሠራ፤ ላባውንም አሰረ፣ ዝንቧንም አከበደ። ሁለት ነገር ብቻ፣ ላባና ሽቦ። አሠራሩን በ1958 በመጽሐፍ አወጣው፤ ዓለምም ወረሰው። አሜሪካኖች ፒኮክ ጨመሩበት፤ ሌሎች በራሱ ላይ የብረት ጨሌ አጠለቁለት፤ መሠረቱ ግን የሶየር ነው።

ይኸው ሶየር ሌላ ዝንብ ሲሠራ የተጠቀመው ካልሲ መጠገኛ ሱፍ ነበር፤ የፋብሪካው ስም ቻድዊክስ፣ የቀለሙ ቁጥር 477። ደረቁ ግራጫ ቡናማ ነው፤ ውሃ ሲነካው ወደ ሐምራዊ ሮዝ ያደላል። ፋብሪካው በ1960ዎቹ ሱፉን ማምረት ሲያቆም አጥማጆች የአሮጊቶችን የስፌት ሣጥን ማሰስ ጀመሩ፤ የተገኘችው ጥቅል በብዙ ገንዘብ ትሸጥ ነበር። ብልሆቹ ግን ሌላ ሱፍ በብርጭቆ ውሃ እየነከሩ አነጻጸሩ፤ ተመሳሳዩንም አገኙ። የተፈለገው ቀለም እንጂ ቁጥሩ አልነበረምና።

በ1967 ደግሞ ራስል ብሌሲንግ የተባለ የፔንሲልቫኒያ ሰው ከጥንት የነበረውን የሱፍ ትል የመሰለ ዝንብ አንሥቶ ማራቡ በሚባል ለስላሳ ላባ ጅራት ቀጠለለት። ጅራቱ ውሃ ውስጥ እንደ ሕያው ነገር ይተነፍሳል። «ዉሊ ባገር» የምትባለው ይህች ዝንብ ዛሬ ከዓለም እጅግ ከታወቁት አንዷ ናት። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ሊል ይችላል። የላባው ስም የመጣው ማራቡ ከሚባለው ወፍ ነው፤ እርሱም በሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ አጽጂዎቹን ከብቦ የዓሣ አንጀት የሚጠብቀው አባ ኮዳ ነው። አሁን ገበያ ላይ ያለው ላባ ከተርኪ የሚወሰድ ቢሆንም ስሙ እንደ አባ ኮዳ ቀርቷል።

ደቡብ አፍሪካ የጨመረችው

ትራውት የሚባለው ዓሣ ለደቡብ አፍሪካ ባዕድ ነው፤ በ1890 ከብሪታንያ በመጣ እንቁላል ናታል ውስጥ ተፈለፈለ። ዝንቦቹም አብረውት መጡ። መጀመሪያ የእንግሊዝ ዝንብ በእንግሊዝ ወግ ይጣል ነበር። እየቆየ ግን የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፣ የናታል ሰዎች ለራሳቸው ውሃ የራሳቸውን ሠሩ። ሊዮኔል ዎከር የሠራው «ዎከርስ ኪለር» የቆቅ ዘመድ ከሆነው የፓርትሪጅ ወፍ የተወሰዱ ዝንጉርጉር ላባዎችን በመንጠቆው ግራና ቀኝ እንደ ጣሪያ ክዳን እየደራረበ ያስራል። ግድብ ውስጥ ያለ ትልቅ ትራውት የሚበላውን የድራጎንፍላይ እጭ ወይም ትንሽ ዓሣ ይመስላል።

ዶክተር ቶም ሰትክሊፍ፣ በሙያው ሐኪም የሆነውና ስለ ትራውት ብዙ የጻፈው ሰው፣ «ዲ ዲ ዲ» የምትባለውን ዝንብ አስተዋወቀ። ፀጉሩን መንጠቆው ላይ አጭቆ እንደ ብሩሽ ካቆመ በኋላ በመቀስ ይከረክመዋል። ጥሬ ዕቃው እንደ አሜሪካኖቹ የአጋዘን ፀጉር ነው። የዚህ አገር ባለሙያዎች ግን በተራሮቻቸው ላይ ክሊፕስፕሪንገር የሚባል ትንሽ እንስሳ እንዳለ ያውቃሉ። ከዓለት ዓለት በሰኮናው ጫፍ የሚዘልል፣ ፀጉሩ ውስጡ ክፍት የሆነና ስለዚህ የሚንሳፈፍ ነው። ሰሜን ተራራን ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን እንስሳ በስሙ ያውቀዋል፤ ሰስ ነው። የሰስ ፀጉር በአጋዘን ፀጉር ምትክ ገባ፤ ዝንቧም የአገሩ ልጅ ሆነች።

የቫሉ ዓሣና የጣናው ዓሣ

የጆሃንስበርግን አጥማጆች ከትራውት ይበልጥ የሚስበው ግን የቫል ወንዝ የሎው ፊሽ ነው። ወርቅማ ቅርፊት ያለው፣ ብርቱ፣ ፈጣን ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው። በቫልና በኦሬንጅ ሁለት ዓይነት አለ፤ አፈ ትንሹና አፈ ትልቁ። አፈ ትንሹ ከድንጋይ ሥር የውሃ ትልና የነፍሳት እጭ ይለቅማል፤ ፌንጣ ሲወድቅለትም ከላይ ይቀበላል። አፈ ትልቁ ሌሎች ዓሦችን ያድናል፤ ከ20 ኪሎ በላይም ሊመዝን ይችላል። በሊምፖፖ ወንዞች፣ በኮዝሞ ሲቲ በኩል ባለው ማለት ነው፣ ሌሎች ዘመዶቻቸው ይኖራሉ።

የሳይንስ ሰዎች ይህን ወገን ላቢዮባርበስ ይሉታል። በዝዋይ ወይም በሐዋሳ ዳር ያደገ ሰው ግን ሌላ ስም ያውቅለታል፤ ቢልጫ። አዎን፣ የቫሉ የሎው ፊሽና የአገር ቤቱ ቢልጫ ከአንድ ወገን የሚወለዱ ናቸው። ጣና ሐይቅ ደግሞ የዚህ ቤተሰብ መናኸሪያ ነው። በ1990ዎቹ የሆላንድ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባደረጉት ጥናት 15 ያህል የላቢዮባርበስ ዝርያዎች በሐይቁ ውስጥ እንደሚገኙ ተገለጸ። አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። ከእነዚህም 8ቱ ዓሣ በል ናቸው። ከአባይ ፏፏቴ በላይ ተለይቶ የቀረው ሐይቅ ለእያንዳንዱ የሥራ ድርሻ ሰጥቶ አፋቸውን ለየብቻ ቀረጸው። ዓሦቹም ራሳቸው የአንድ ጥንታዊ ንድፍ ልዩ ልዩ ለውጦች ሆኑ ማለት ነው።

ትራውትም ቢሆን ኢትዮጵያን አያውቃትም አይባልም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ተለቀቀ፤ በወይብና በዳንካ ወንዞች በዝንብ የሚያጠምዱ ጎብኚዎች ሄደውበታል። ኬንያ ራሷ ደግሞ በዚህ ሙያ የታወቀች ናት። በአውሮፓና በአሜሪካ ሱቆች ከሚሸጡት ዝንቦች ብዙዎቹ የኬንያ ሠራተኞች፣ በተለይም የሴቶች፣ የእጅ ሥራ ናቸው። እንግዲህ ይህ «የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ብቻ አይደለም፤ የአፍሪካ እጅ ገብቶበታል።

በሳሎን ጠረጴዛ ላይ

የሶየርን ዝንብ ለቫል አፈ ትንሽ የሎው ፊሽ አስማምቶ መሥራት ለጀማሪ ይስማማል። ቁጥር 12 መንጠቆ በትንሽ ሞርሳ ይነከሳል። የመዳቡ ሽቦ ከመንጠቆው መታጠፊያ ጀምሮ እስከ ዓይኑ ይጠመጠማል፤ ወደ ራሱ በኩል ደረቱን ለማወፈር ይደጋገማል። አራት የላባ ጭረቶች ጫፋቸው እንደ ጅራት ወጥቶ ይታሰራሉ። ቀሪው ከሽቦው ጋር ተገምዶ ወደ ፊት ይጠቀለላል፤ ደረቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ታጥፎ ጀርባ ይሠራለታል፤ በሽቦው ሦስት አራት ዙር ይቋጫል። እዚህ ድረስ ያለው የሶየር ነው።

ቀጥሎ ያለው የሠሪው ነው። የቫል ውሃ ብዙ ጊዜ ደፍራሽ ስለሆነ ከአንገቱ ሥር ደማቅ ብርቱካናማ ክር ጥቂት ዙር ቢጨመር ዓሣው ከሩቅ ያየዋል። ውሃው ፈጣን ከሆነ ዝንቧ ወለሉ ሳትደርስ ታልፋለች፤ ስለዚህ ሽቦው ይደረብ ወይም ጨሌ ይጠለቅ። የሚያብለጨልጭ መስመር ካስፈለገ የሀበሻ ቀሚስ ጥለት የሚሠራበት ሳባ የሱቁን ክር ይተካል። ሽቦው ከተጣለ ሬዲዮ ወይም ከተቃጠለ ትንሽ ሞተር ይፈታል። ሱፉ ከብርድ ልብስ ጠርዝ ይመዘዛል። ቋጠሮው ላይ የሚንጠባጠበው ማጣበቂያ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ሊሆን ይችላል።

ላባው ደግሞ በየበዓሉ ይጣላል። በሎኬሽኑ መንገድ ዳር በሽቦ ጎጆ ከሚሸጡት የቁም ዶሮዎች መካከል ለበዓል አውራ ዶሮ የሚመርጥ ሰው በአገር ቤት ዓይን ነው የሚመርጠው፤ ቀይ፣ ገብስማ፣ ወሰራ እያለ። ይህ ዓይን ለዝንብ ሠሪ ሀብት ነው። በ1922 ሌን ሃላዴይ የተባለ የሚቺጋን ሰው የሠራት «አዳምስ» የምትባለው ዝነኛ ዝንብ ምሥጢሯ የቀይና የገብስማ ላባ ተደባልቆ መጠምጠሙ ነው። የሚፈለገው የአንገቱ ረጅም ላባ ነው። ዶሮው የፈላ ውሃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይነቀላል፤ በሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ብል እንዳይበላው በተከደነ ዕቃ ይቀመጣል። ክር መወጠርና ማጥበቅ የሚያውቅ ሸማኔ ወይም ልብስ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ግማሹን ትምህርት ጨርሶ ነው የሚጀምረው።

አንድ ሕግ ግን አለ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ቀለሙም፣ ክብደቱም፣ መጠኑም በአንድ ቀን የተለወጠ እንደሆነ ዓሣው ለየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። በርበሬውንም ጨውንም ቅመሙንም በአንድ ጊዜ የለወጠች ወጥ ሠሪ ለምን እንደጣፈጠ መናገር አትችልም። ስለዚህ ደብተር ይያዝ፤ ቀኑ፣ የውሃው መልክ፣ የዝንቧ ዓይነት ይጻፍበት። ዝንቧም ወንዝ ከመውረዷ በፊት በብርጭቆ ውሃ ትፈተን፤ ደርቃ ያማረች ሁሉ ርሳ አታምርምና።

ዓሣው ከሌለ ላባ ብቻ ነው

እስካሁን የተባለው ሁሉ የሚሠራው ዓሣው እስካለ ነው። በዚህ በኩል ዜናው ከሁለቱም አገር ጥሩ አይደለም። በቫል ወንዝ ላይ ከከተሞች የሚፈስሰው ያልተጣራ ፍሳሽ የደቡብ አፍሪካ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽንን በ2018 ምርመራ እስከ ማስጀመር አድርሶ ነበር፤ ውጤቱ በ2021 ይፋ ሆነ። አፈ ትልቁ የሎው ፊሽ ለመዋለድ ብዙ ዓመት የሚፈጅበት በመሆኑ በቶሎ አይተካም። በጣና በኩል ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ለመራባት በክረምት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች የሚወጡት ዓሦች በወንዙ አፍ ላይ ይጠመዱ ጀመር፤ በ1990ዎቹም ቁጥራቸው እጅግ አሽቆለቆለ። በ2011 እንቦጭ በሐይቁ ላይ ታየ። ሃርትቢስፖርት ግድብን ያየ የኮዝሞ ሲቲ ሰው እንቦጭን ለማወቅ ጣና መሄድ አያስፈልገውም፤ ያው አረም እዚያም ውሃውን ሸፍኖ ታይቷል።

ስለዚህ በዝንብ የሚያጠምዱት ሰዎች የሎው ፊሽን ይዘው ይለቁታል። የመንጠቆው እሾህ አስቀድሞ በፒንሳ ይደፈጠጣል፤ ዓሣው በረጠበ እጅ ይያዛል፤ ከውሃ ብዙ ሳይርቅ ይለቀቃል። ለማዕድ የሚፈልግ ሰው ካርፕና አምባዛ አለለት፤ ያም ቢሆን ውሃው ንጹሕ ከሆነበት ቦታ ይሁን። የማጥመድ ፈቃድ ከክፍለ አገሩ መንግሥት ይወጣል፤ የወንዙ ዳርቻም አብዛኛው የግል ርስት ስለሆነ ባለቤቱን ሳያስፈቅዱ መግባት አይገባም። በሰው አገር ወረቀትን ይዞ መገኘት ምን ያህል እንደሚጠቅም ለአንባቢ መንገር አያሻም። ወንዝም ብቻን አይኬድም፤ ሁለትና ሦስት ሆኖ፣ ልጆችን ይዞ መሄድ ይሻላል።

ልጆችን ማንሣት የግድ ነው። በኮዝሞ ሲቲ ተወልደው ያደጉት ልጆች አባታቸውን የሚያውቁት ከሱቁ መስኮት በኩል፣ ለውጥ ሲቆጥርና ስልክ ሲያነሣ ነው። ሰባቱንም ቀን የሚሠራ ሰው ለመሥራቱ በቂ ምክንያት አለው፤ የቤት ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚጠብቅ ወላጅ አለ። ሆኖም ማታ ሱቅ ከተዘጋ በኋላ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መንጠቆ ላይ ክር ለመጠምጠም ሃያ ደቂቃ ይበቃል። የልጅ ጣት ቀጭን ስለሆነ ከአባቱ ቀድሞ ሊለምደው ይችላል። ያን ጊዜ አባትየው ስለ ሐዋሳው አባ ኮዳ፣ እናትየዋም ስለ ገብስማውና ስለ ወሰራው መንገር ይጀምራሉ፤ ልጁ በእጁ ስለያዘው ይሰማል።

የቫል ውሃ የሚሞቀውና የሎው ፊሽ የሚነቃቃው ከመስከረም ጀምሮ ነው። በዚህ አገር ጸደይ የሚገባው አገር ቤት አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ ለእንቁጣጣሽ የሚታረደው አውራ ዶሮ ውሃው ከመፍላቱ በፊት የአንገቱ ላባ ተነቅሎ ይቀመጥ።